የማክሰኞ ጠርሙሶች

ዜሮ አልወድም። ሃያ ሁለት ዓመት ላብራቶሪ ውስጥ የሠራ ሰው ዜሮ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ራሱን ነው፤ ማሞቂያውን ሳልሰካው ቀርቼ ይሆን፣ ወይስ ምልክቱን የሌላ ጠርሙስ ላይ ለጥፌው ይሆን ይላል። እኔም መጀመሪያ ሰሞን እንዲያ ብያለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ዜሮ ሲመጣ ግን መጠርጠርም ይሰለቻል። ሰለቸኝና ተውኩት።

ዜሮው ይመጣ የነበረው ጣና ዳር ካለችው ከቁንዝላ ነው። አለቃዬ ፕሮፌሰር አገኘሁ እዚያ፣ ጀልባ ከሚቆምበት ዳርቻ አጠገብ፣ የደንገል መደብ ሠርተዋል። ነገሩ ቀላል ነው። ከሕዝብ መጸዳጃውና ከዓሣ ማጠቢያው የሚወጣው ቆሻሻ ውሃ መጀመሪያ ጉድጓድ ውስጥ ይጠልላል፤ ከዚያ ደንገል በተተከለበት የጠጠር መደብ ውስጥ ሥር ለሥር እየተሳበ ያልፋል፤ በመጨረሻ ጠርቶ ጣና ይገባል። ሞተር የለውም፣ መብራት አይፈልግም፣ የውጭ ምንዛሪም አይጠይቅም። ፕሮፌሰሩ ለጡረታ አንድ ዓመት ከመንፈቅ የቀራቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ፣ ያንኑ ቡናማ ሹራብ ክረምት ከበጋ የሚለብሱ ሰው ናቸው። በሥራ ዘመናቸው የጻፉት ሪፖርት መደርደሪያ ሞልቷል፤ ቆሞ የሚታይ ነገር የሠሩት ግን ይህን መደብ ብቻ ነው። ይህን የሚሉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ እኔ አልጨመርኩበትም።

እኔ እናትዓለም እባላለሁ፤ ባሕር ዳር፣ የእሳቸው ላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ሥራዬ መቁጠር ነው። በየማክሰኞው ከቁንዝላ ሁለት ጠርሙስ ይመጣልኛል፤ አንዱ ወደ መደቡ ከሚገባው ውሃ የተቀዳ፣ ሌላው ከሚወጣው። ጠርሙሶቹ የሚመጡት መስዑድ የሚባል ዓሣ ነጋዴ ወደ ባሕር ዳር በሚልከው የበረዶ ሳጥን ውስጥ፣ በቆሮሶና በአምባዛ መሀል ተኝተው ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ማክሰኞ ላብራቶሪዬ ዓሣ ቤት ዓሣ ቤት ይሸታል። ውሃውን በስስ ወረቀት አጣርቼ፣ ወረቀቱን ሳህን ላይ አድርጌ አንድ ቀን አሞቀዋለሁ፤ በማግስቱ የአንጀት ባክቴሪያ የፈላባቸውን ነጠብጣቦች እቆጥራለሁ።

መጀመሪያዎቹን አራት ወራት ናሙናውን ይቀዳ የነበረው ገድሉ የሚባል ጥበቃ ነበር። በእሱ ጊዜ የሚገባው ውሃ በመቶ ሚሊ ሊትር ሦስት መቶ ሺህ ባክቴሪያ ቢኖረው፣ የሚወጣው ሁለት ሺህ፣ አንዳንዴም ሁለት ሺህ አምስት መቶ ነበር። ለአንድ የደንገል መደብ ትልቅ ነገር ነው፤ ልጅ የሚታጠብበት ውሃ ግን አይደለም። ከዚያ ገድሉ ሥራውን ለቆ ወደ ደልጊ ሄደ፤ በቦታው አሪፋ የምትባል ሴት ተቀጠረች። በዚያው ወር ቁጥሩ ዜሮ ሆነ። ሁለቱን ነገር ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ግን ከእኛ መሀል አልነበረም።

ፕሮፌሰሩ ለዜሮው ምክንያት አገኙለት። ደንገሉ ጎልምሷል፣ የጎለመሰ የጣና ደንገል ሥር ደግሞ ባክቴሪያ የሚገድል ነገር ያመነጫል አሉ። ይህንን በአሥራ አንድ ገጽ ጽፈው አሳተሙ፤ አነበብኩት፣ ያምራል። አንድ የማስተርስ ተማሪ ያን ነገር ፍለጋ ስምንት ወር ሙሉ የደንገል ሥር ሲወቅጥ ከረመ። አላገኘውም፤ መውቀጡን ግን አላቆመም።

በዚህ ላይ ቧንቧው መጣ። ፕሮፌሰሩ ውሃው ሐይቁ ከመግባቱ በፊት መውጫው ላይ ቧንቧ አስገጥመው ቆልፈውበታል። በዕቅዱ መሠረት ሐሙስ ዕለት የክልል እንግዶች ባሉበት ይከፈትና ዓሣ አጣቢዎቹ ሴቶች በዚያ ውሃ ይጠቀማሉ፤ እንግዶቹ ከወደዱት ደግሞ በጣና ዙሪያ ባሉ ዘጠኝ ከተሞች እንዲህ ያለ መደብ ይሠራል። ፕሮፌሰሩ ይህ አልበቃ ብሏቸው፣ ሕዝቡ ፊት ከቧንቧው አንድ ብርጭቆ ቀድቼ እጠጣለሁ ብለው ቃል ገቡ። ማንም ጠጡ አላላቸውም ነበር።

እኔ ቀድሜ ሄጄ ነገር እንዳሰናዳ ሰኞ ተላክሁ። አሪፋ ከተቀጠረች ወዲህ ቁንዝላን ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነው። መንገዱ አስተማማኝ ስላልነበረ፣ የሚመላለሱት ጠርሙሶቹ ነበሩ እንጂ እኔ አልነበርኩም። ሥራውን ያሳየኋት በስልክ ነው፤ «ማክሰኞ ጠዋት ቅጂ፣ ክዳኑን ግጠሚ፣ ለመስዑድ ስጪ» አልኳት። ኔትወርኩ ይቆራረጥ ስለነበር ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም።

አሪፋ በዕድሜ ከእኔ ብዙ አትበልጥም። ባሏ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ቤቷ ከመደቡ አጥር ማዶ ነው። ገና ከሚኒባስ ስወርድ ቦርሳዬን ቀምታኝ ሄደች፤ ለምሳ ዓሣ ወጥ ሠርታ ጠበቀችኝ። ዓሣ ስለሆነ የእሷም ሃይማኖት የእኔም አልተቆጣም፤ ሁለታችንም አንድ ገበታ ላይ በላን። መደቡን ዞሬ አየሁት። ዙሪያው ተጠርጓል፣ ደንገሉ ታርሟል፣ የመጸዳጃው ግድግዳ ሳይቀር ታጥቧል። በሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ የጥናት ቦታ አላየሁም፤ ይህንንም ነገርኳት። ደስ አላት።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ አጥሩ ስወጣ ሁለት ጠርሙሶች አጥሩ እንጨት ላይ አፋቸው ተደፍቶ ፀሐይ እየሞቁ አገኘሁ። ያብረቀርቃሉ። ምልክታቸው የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው።

«አሪፋ፣ እነዚህ ለምን እዚህ ተሰቀሉ?» አልኳት።

«እንዲደርቁ ነዋ። አጠብኋቸው።» ውሃ በባልዲ ይዛ ትመጣ ነበር። «ሁልጊዜም አጥባቸዋለሁ።»

«በምን?»

«በበረኪና። ሦስት ጊዜ። ያ ነጩ በውሃ ብቻ ደህና አድርጎ አይለቅማ።»

«የቱ ነጩ?»

ባልዲውን አስቀምጣ ግራ ቀኟን አየች፤ ከዚያ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እንግዲህ እንዳይከፋሽ፣ እናትዓለም። ጠርሙሱ ከእናንተ ሲመጣ ሥሩ ላይ ነጭ ዱቄት አለው። ሳይታጠብ የተላከ ነው። መቼም ሥራ ቢበዛባችሁ ነው ብዬ ለሰው ትንፍሽ አላልሁም፤ ለመስዑድም አልነገርሁት። የተማረ ሰው ዕቃ ሳያጥብ ይልካል ቢባል ለእናንተ ጥሩ አይደለም። ደግሞስ ፕሮፌሰሩን ለሚያህል ሰው በቆሸሸ ዕቃ ውሃ ይላካል? እኔው አጥቤ እልካለሁ።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ዱቄቱ የእኔ ነው። ጠርሙሱ በእንፋሎት ተቀቅሎ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ ከመሄዱ በፊት እኔ ራሴ የምጨምረው ነው። ሥራው ደግሞ፣ ምናልባት ውሃው ውስጥ ክሎሪን፣ ማለትም በረኪና፣ ካለ ማምከን ነው፤ አለዚያ ባክቴሪያውን ሳልቆጥረው መንገድ ላይ ይገድለዋል። አሪፋ ክሎሪን የሚያመክነውን መድኃኒት አጥባ አውጥታ፣ በምትኩ ክሎሪን አስገብታበታለች፤ ያውም ሦስት ጊዜ። ገድሉ እግዜር ይስጠውና ሰነፍ ሰው ነበር፤ በአራት ወር ውስጥ አንድ ነገር አጥቦ አያውቅም። ጥናቱ በእሱ እጅ ደህና ነበር።

ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ለማወቅ ግን ጊዜ ወሰደብኝ። አሪፋን ልቆጣት ዞር ስል፣ ለአንድ ዓመት ገመናችንን ደብቃ የያዘች ሴት ፊቴ ቆማ የምስጋና ቃል ትጠብቃለች። ከቦርሳዬ ሁለት ያልተከፈቱ ጠርሙሶች አወጣሁና ወደ መደቡ ወረድኩ።

«ሳይታጠብ?» አለች ከኋላዬ።

«ለዛሬ እንዲሁ ይሁን።»

ከመግቢያውም ከመውጫውም ስቀዳ አላየችም፤ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ ቆየች። ጠርሙሶቹን በበረዶ አድርጌ፣ ሳጥኑን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ወደ ባሕር ዳር ተመለስኩ። ሦስት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው፤ ክዳኑን አሥር ጊዜ ሳልነካካው አልቀረሁም።

ረቡዕ ከሰዓት ሳህኖቹን አወጣሁ። መግቢያው እንደወትሮው ነው። መውጫው ላይ ነጠብጣቡ ፈልቷል። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት፤ በመቶ ሚሊ ሊትር ሁለት ሺህ ሦስት መቶ መጣ። ደንገሉ ገድሉ ትቶት በሄደበት ቁጥር ላይ ቁጭ ብሏል።

እውነቱን ለመናገር ዝም ለማለት አንድ ሰዓት ያህል አስቤ ነበር። አንድ ብርጭቆ ውሃ ሰው አይገድልም፤ ሐሙስ ይለፍና ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ ይነገራል እያልኩ ራሴን ሳባብል ቆየሁ። ከዚያ በየቀኑ ዓሣ የሚያጥቡት ሴቶች ትዝ አሉኝ፤ እጃቸው በቢላ ያልተቆረጠ የለም፤ ልጆቻቸው እዚያው አጠገባቸው ነው የሚውሉት። ወረቀቱን ይዤ ወደ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ሄድኩ።

የነገውን ንግግራቸውን በእርሳስ እያረሙ ነበር። ወረቀቱን ከላዩ ላይ አስቀመጥኩት።

«ሁለት ሺህ ሦስት መቶ?» አሉ። «ይሄ ከየት የመጣ ነው?»

«ከቁንዝላ መውጫ። ትናንት በገዛ እጄ የቀዳሁት ነው።»

ስለ ነጩ ዱቄትና ስለ በረኪናው ነገርኳቸው። ተነሥተው ወደ ሰሌዳው ሄዱ። ልማዳቸው ነው፤ ነገር ሲከብዳቸው ያስተምራሉ። «እንግዲህ» አሉ ጠመኔ አንሥተው፣ «ጠርሙሱ ውስጥ ጥቂት ክሎሪን ይቀራል። የሚገባው ውሃ እጅግ የቆሸሸ ስለሆነ ቆሻሻው ክሎሪኑን ይጨርሰዋል፣ ባክቴሪያው ይተርፋል። ለዚህ ነው የመግቢያው ቁጥር ያልተለወጠው፤ እኛም ያልጠረጠርነው። የሚወጣው ውሃ ግን ጠርቷል፤ ክሎሪኑን የሚጨርስ ነገር የለውም። መንገድ ላይ ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ...» እዚህ ላይ አቆሙ። ጠመኔውን ወደ ቦታው መለሱ። «ያ ልጅ ሲወቅጠው የከረመው ሥርስ?» አሉ።

ከሰሌዳው ዞረው አዩኝ።

«ለሴትዮዋ ማስረዳት የነበረበት ማነው?»

«እኔ ነኝ። በስልክ ቅጂ፣ ግጠሚ፣ ስጪ ነው ያልኳት። ስለ ዱቄቱ አንድም ቃል አልነገርኳትም።»

የጠመኔውን ብናኝ ከጣታቸው በሹራባቸው ጫፍ ጠረጉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በመጨረሻ፣ «ነገ እንሄዳለን» አሉ። «እንግዶቹ ተነሥተዋል፣ ማስቀረት አይቻልም። እዚያው እነግራቸዋለሁ።»

«አሪፋንስ?»

«አሪፋ ምን?»

«ሰው ፊት እንዳያሳፍሩብኝ። ያንን ሁሉ ያደረገችው እኛ እንዳናፍር ብላ ነው።»

ንግግሩን አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

ሐሙስ ቁንዝላ ስንደርስ ድንኳን ተተክሏል። ቧንቧው ላይ ቀይ ሪባን ታስሯል። ዓሣ አጣቢዎቹ ሥራቸውን ጥለው መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል፤ መስዑድም ከነጋዴዎቹ ጋር ከኋላ ቆሟል። አሪፋ አዲስ ሻሽ አስራ፣ በትሪ አንድ ብርጭቆ ይዛ ከቧንቧው ጎን ቆማለች። ብርጭቆው ያንጸባርቃል። በምን እንደታጠበ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ከክልል የመጡት ኃላፊ መቀሱን ለፕሮፌሰሩ አቀበሉ። ፕሮፌሰሩ ተቀብለው ሹራባቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ቀልድ የመሰለው ሰው ሳቀ።

«ቧንቧው ዛሬ አይከፈትም» አሉ። «ይህ ውሃ ንጹሕ ነው ብዬ ጽፌ ነበር፤ አይደለም። ከሚገባው ቆሻሻ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙን መደቡ ይይዘዋል። የሚቀረው አንዱ ግን ሰው ያሳምማል። ዓሣ አይታጠብበትም፣ እጅም አይታጠብበትም።»

ድንኳኑ ውስጥ ጉምጉምታ ሆነ። ከፊት ከተቀመጡት አንዷ፣ «ታዲያ ከሥራ ያስፈታችሁን ለምንድን ነው?» አለች። እውነቷን ነው፤ ዓሣው ፀሐይ ላይ ነበር።

ኃላፊው ግን የያዙትን ወረቀት ገለጡ። «የዓመቱ ውጤት እኮ ዜሮ ነው የሚለው። ማነው ያበላሸው?»

ያን ጊዜ መነሣት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ተዘጋጅቼም ነበር፤ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ የምለውን ሁሉ ሸምድጄዋለሁ። አልተነሣሁም። ዛሬም ድረስ ትዝ ሲለኝ ያሳፍረኛል።

«እኔ ነኝ» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ጠርሙስ ልኬ ምክንያቱን አብሬ አልላክሁም። ውስጡ መድኃኒት እንዳለው ለሚቀዳው ሰው አላስረዳሁም። መድኃኒቱ እየታጠበ ወጣ፣ ውጤቱም ተሳሳተ። ሌላ ሰው የለበትም።»

ስም አልጠሩም። ቁንዝላ ላይ ግን ናሙና የሚቀዳው ማን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሰው ሁሉ ወደ አሪፋ ዞረ። እሷ የምታየው እኔን ነበር።

«ያ ነጩ ነው?» አለችኝ፣ ያን ሁሉ ሕዝብ አልፋ፣ ሁለታችን ብቻ ያለን ይመስል።

ራሴን ነቀነቅኩላት። ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበችና ትሪውን መሬት ልታስቀምጥ ጎንበስ አለች።

«አሪፋ» አሉ ፕሮፌሰሩ። «እኔ ሰው ፊት ውሃ እጠጣለሁ ብያለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም። እባክሽ ከቤትሽ፣ አንቺ ከምትጠጪው ቅጂልኝ።»

ሄደች። እስክትመለስ ኃላፊው ሰዓታቸውን አዩና መልሰው እጅጌያቸውን ሳቡበት። ብርጭቆውን ሞልታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ፕሮፌሰሩ ቆመው እስከ መጨረሻው ጠጡት። አጠገባቸው ስለነበርኩ ሸተተኝ፤ ብርጭቆው በረኪና በረኪና ይላል። ፊታቸውን አላጨማደዱም። «ከእጅሽ አይጥፋ» አሉና መለሱላት።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ከአሪፋ ጋር አጥሩ ሥር ተቀመጥንና ያን በስልክ ያልነገርኳትን ሁሉ ነገርኳት፤ ዱቄቱ ምን እንደሆነ፣ ጠርሙሱ ለምን በወረቀት እንደሚጠቀለል፣ ለምን እንደማይነካ። ሳታቋርጥ ሰማችኝ።

«እኔስ እናንተ እንዳታፍሩ ብዬ ዝም አልሁ» አለች። «አንቺ ዝም ያልሽኝ ለምንድን ነው?»

«ቸኩዬ» አልኳት። ሌላ ምክንያት ፈልጌ ነበር፤ የለኝም።

የዘጠኙ ከተሞች ነገር እንደገና ይጠና ተባለ። ፕሮፌሰሩ ያሳተሙትን ጽሑፍ ራሳቸው ለመጽሔቱ ደብዳቤ ጽፈው አሰረዙት። ተማሪው ርዕስ ቀየረ፤ አሁን ደንገል ሲያይ መንገድ ያቋርጣል። ከደንገሉ ቀጥሎ የአሸዋ መደብ ይጨመር ተብሎ ቁፋሮ ተጀምሯል። ለፕሮፌሰሩ ጡረታ የሚደርስ አይመስለኝም፤ ይህንን አልነገርኳቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁኝም።

በቀጣዩ ማክሰኞ ፕሮፌሰሩ ከጠዋት ጀምረው ላብራቶሪ ውስጥ ሲንጎራደዱ ዋሉ። ሳጥኑ መጣ። ቆሮሶውን ገለል አድርገን ስናይ ጠርሙስ የሚመስል ነገር የለም፤ በጥቁር ፌስታል ሦስት ጊዜ ተጠቅልሎ፣ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ጥቅል ብቻ አለ። ፕሮፌሰሩ ቋጠሮውን በጥፍራቸው መፍታት ሲጀምሩ ስልኬ ጮኸ።

«ደረሰልሽ?» አለች አሪፋ።

«ደረሰ።»

«እንዳልሽው ሳላጥብ ላክሁት። ሰው እንዳያይብኝ ነው በፌስታል የጠቀለልሁት። መስዑድ ምንድን ነው ቢለኝ የሴት ዕቃ ነው፣ አትንካው አልሁት።»

«ጥሩ አደረግሽ።»

የሐይቁ ነፋስ በስልኩ ይሰማኛል። ፕሮፌሰሩ የመጨረሻውን ፌስታል ፈትተው ከሁለቱ ጠርሙሶች አንዱን አወጡ። ክዳኑ ላይ የዓሣ ቅርፊት ተለጥፏል፤ ሆዱ ላይ የአሪፋ ጣቶች በጭቃ ታትመዋል። ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው እያገላበጡ ያዩት ጀመር።

«እናትዓለም» አለች አሪፋ፣ «ፕሮፌሰሩ ግን አላዩትም አይደል?»

«አላዩትም» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ» አለችና ስልኩን ዘጋችው።